የግራው እሺ

ኩዌት፣ ሱራ ሰፈር ሄዳችሁ ቆንጂት የምትባል ሐበሻ ብትጠይቁ ማንም አያውቃትም። «ቆንጂት ወረቃ» ካላችሁ ግን ከአንዱ ግቢ በር አንዲት ሴት ብቅ ትልና ቤቱን በጣቷ ታሳያችኋለች። ወረቃ በዐረብኛ ወረቀት ነው። ኩዌት ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ የእኛ ሴቶች ወረቃ ሲሉ የፓስፖርትና የኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ማለታቸው ነው። ይህ ጉዳይ ያላስለቀሳት ሴት እስካሁን አላጋጠመችኝም።

እኔ ኢስሐቅ እባላለሁ። ራይ ውስጥ ኮምፒውተር በሚሸጥ ሱቅ መጋዘን እሠራለሁ። አዲሱን ማሽን ከካርቶን አውጥቼ፣ ፕሮግራም ጭኜ ለሽያጭ ማዘጋጀት ነው እንጀራዬ። ስለ ቆንጂት ለመጻፍ የተነሣሁበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ መጨረሻ ላይ እደርስበታለሁ። እስከዚያው ግን እሷን እወቋት፤ መታወቅ የሚገባት ሴት ናት።

የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ነገሩ ሲሆን ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ እዚያ ሱራ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ከአገር ከመውጣቷ በፊት የሦስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና ወስዳ ሰርተፍኬት አግኝታለች። ያንን ሰርተፍኬት ሻንጣዋ ውስጥ ከልብሷ መሐል አድርጋ ነው ኩዌት የገባችው። ኩሽና ውስጥ ማን ያይልኛል ብላ አላሰበችም። ማሽን ፊት ስትቀመጥ ግን ጀርባዋ ቀጥ ይላል፤ ድምፅዋም ይቀየራል።

በፈረንጆቹ 2017 የማዳም፣ የአሠሪዋ፣ ትልቁ ልጅ አዲስ ላፕቶፕ ገዛና አሮጌው ሊጣል በር ላይ ተቀመጠ። ቆንጂት ጠየቀች፤ ማዳምም ዞር ብላ እንኳ ሳታይ «ኹዚ» አለቻት፤ ውሰጂ። ማሽኑ ከላይ እስከ ታች ዐረብኛ ነበር። የቆንጂት ዐረብኛ ደግሞ የአፍ ብቻ ነው። ከማዳም ጋር ስትከራከር ብትሰሟት እዚያው የተወለደች ትመስላችኋለች፤ ፊደል ላይ ግን አንዲት አሊፍ አትለይም። ቢሆንም አልተቸገረችም፤ ፕሮግራሞቹን በሥዕላቸው ለየቻቸው። ፒዲኤፍ የሚያነበውን ፕሮግራም ሥዕሉ አረንጓዴ ስለሆነ «አረንጓዴው» ትለው ነበር።

የወረቃው ሥራ እንዲህ ነው። ብዙ አሠሪ ፓስፖርት ይይዛል፤ ሲቆጣ ደግሞ ስልክም ይቀማል። ስለዚህ ሴቶቹ ፓስፖርታቸውን በዓይናቸው ያዩ ቀን፣ ኢቃማ ሊታደስ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕለት፣ ቶሎ ብለው በስልክ ያነሱትና ለቆንጂት ይልኩላታል። እሷ ፎቶዎቹን አቅንታ፣ አንድ ፒዲኤፍ አድርጋ፣ በየስማቸው ላፕቶፑ ውስጥ ታስቀምጥላቸዋለች። የራሷ ስልክ ትንሽ ስለሆነ ከስልኩ ታጠፋዋለች። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ የቆንጂት ላፕቶፕ ግን ከአልጋዋ ሥር ንቅንቅ አይልም። በ2020 መጀመሪያ ላይ የስልሳ ሦስት ሴቶች ወረቃ ነበረባት። «ስንት ነው?» ሲሏት ከአንዷም ሳንቲም ተቀብላ አታውቅም።

እኔና እሷ የተዋወቅነው በዚሁ ሥራ ነው፤ የሚታተም ሲኖር ለእኔ ትልክልኛለች፤ እኔ በሱቁ ማተሚያ አትምላታለሁ። እሷ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ፕሮቴስታንት ስለሆንኩ ስሜን ትታ «አንተ ጴንጤ» ነው የምትለኝ።

አንድ ዓርብ፣ በ2018 ይመስለኛል፣ ዕቃ እያራገፍኩ ሳለ ደወለች።

«አንተ ጴንጤ፣ አረንጓዴው ሳጥን እያወጣ አስቸገረኝ። ፋይል ስከፍት ድንቅር ይላል። ሁለት ቁልፍ አለው።»

«አፕዴት ይሆናል።»

«እሱ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?»

ሙያዬን የጠየቀኝ ሰው ስላገኘሁ ደስ አለኝና ካርቶኑን አስቀምጬ አስረዳኋት። ሰው ፒዲኤፍ ሲባል የወረቀት ፎቶ ብቻ ይመስለዋል፤ አይደለም። ፋይሉ ውስጥ ከሚነበበው ጽሑፍ ሌላ ለማሽኑ የሚነገር ትእዛዝ ሊኖር ይችላል፤ ይህን ክፈት፣ ያንን አምጣ የሚል። ደኅና አንባቢ ፕሮግራም የማይገባውን ትእዛዝ አይሰማም። ግን ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ነው፤ ይሳሳታል፤ የሆነ ቦታ ላይ ቀዳዳ ይተዋል። ያችን ቀዳዳ ክፉ ሰው ካገኛት ወረቀት የሚመስል ፋይል ያዘጋጃል፤ አንቺ ላንብብ ብለሽ ስትከፍቺው እሱ በቀዳዳዋ ሾልኮ ቤትሽ ይገባል። ፋብሪካው ቀዳዳዋን ሲደርስባት መጣፊያ ይልካል። ሳጥኑ መጣፊያውን ይዞ የመጣ ሰው ነው አልኳት፤ በር እያንኳኳ ነው።

«እንግዲያውስ ይግባ» አለች።

«እሺ በዪዋ!»

«እሺው የቱ ነው? ጽሑፉን እንደሆነ አላነበው።»

ሰዎቹ ዕቃ ይዘው እየጠበቁኝ ነበር። «የግራው ነዋ! እሺ ሁልጊዜ በግራ ነው፤ ይቅር በቀኝ» አልኳት።

«እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት በቀኝ አውለኝ ብዬ ነው የምነሣው፤ አንተ ደግሞ በግራ ትለኛለህ» ብላ ሳቀች።

«ማሽን ጸሎት አያውቅም» አልኳትና ዘጋሁት። በንግግሬ እኔም ሳቅሁ።

ነጭ ፕላስተር ቆርጣ «እሺ ግራ ነው» ብላ ጻፈችበትና ከላፕቶፑ መስታወት ሥር ለጠፈችው። ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ በመጣ ቁጥር ግራውን ትጫናለች፤ ሳጥኑ ይጠፋል፤ ሥራዋን ትቀጥላለች። በየሁለት ሳምንቱ ይመጣ ነበር። «የዚህ ፋብሪካ ቀዳዳ አያልቅም እንዴ?» ስትለኝ «አንቺ ዝም ብለሽ እሺ በዪው» እላታለሁ።

አሁን ወደ መሕቡባ ልምጣ። መሕቡባ የቆንጂት የጎረቤት ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። የመሕቡባ እናት ቆንጂትን በሕፃንነቷ አዝለው አሳድገዋታል። ልጅቷ በ2016 ኩዌት ስትመጣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ እናትየው በስልክ «አደራሽን» ያሉት ለቆንጂት ነው። መሕቡባም ቆንጂትን እንደ ታላቅ እህቷ ነበር የምታያት፤ «ቆንጂዬ፣ አንቺ ባትኖሪ» ሳትል ስልክ አትዘጋም።

የመሕቡባ ዕጣ እንደ ቆንጂት አልነበረም። በ2019 አሠሪዋ የፈላ ውሃ ክንዷ ላይ ስትደፋባት በለበሰችው ልብስ ከቤት ወጣች። ስልኳ እዚያው ቀረ፤ ፓስፖርቷም እዚያው ቀረ። ሐወሊ ውስጥ ከአምስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ፣ በቀን የሰው ቤት እያጸዳች፣ ያለ ኢቃማ መኖር ጀመረች። መሕቡባ መሕቡባ መሆኗን የሚመሰክር አንድ ነገር ብቻ ቀራት፤ ከመውጣቷ ከወራት በፊት አንሥታ የላከችው፣ በቆንጂት ላፕቶፕ ውስጥ ያለው የፓስፖርቷ ቅጂ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ እናቷ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ የላቸውም አሉ። መሕቡባ እጇን ለፖሊስ ሰጥታ እንዳትሄድ እስሩና ምርመራው ስንት ወር እንደሚፈጅ አይታወቅም። እናቷን በሕይወት መድረስ ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ኮሮና መጣ። መጋቢት ላይ አየር ማረፊያው ተዘጋ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ። የቆንጂት ማዳም የዓርብን ዕረፍት ከለከለች፤ ቆንጂትም ቀኑን ሙሉ የበር እጀታ በበረኪና ስትወለውል ትውል ጀመር። ሚያዝያ ላይ ግን ያልተጠበቀ ነገር ተሰማ፤ ኢቃማ የሌለው ሁሉ ያለ ቅጣት፣ ያለ እስር፣ በመንግሥት አውሮፕላን ወደ አገሩ ይግባ ተባለ። ለየአገሩ ሰው ቀን ተመደበለት፤ የእኛ በወሩ መጨረሻ ነበር። ፓስፖርት የሌለው የመመለሻ ወረቀት ማውጣት አለበት። የፓስፖርት ቅጂ ያለው በሁለት ቀን ያልቅለታል፤ የሌለው ማንነቱ ከአገር ቤት እስኪጣራ ይጠብቃል።

መሕቡባ ደወለች። ቆንጂት ያንን ንግግር ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ፣ እኔ ራሴ የሰማሁት ይመስለኛል።

«ቆንጂዬ! ወረቃዬ አለ አይደል?»

«አለ እንጂ! የት ይሄዳል?»

«እማዬን ላያት ነው እኮ! ወላሂ፣ ላያት ነው!»

«ዛሬ ቀትር ላይ ማዳም ስትተኛ እልክልሻለሁ። ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ቀትር ላይ ማዳም ተኛች። ቆንጂት ላፕቶፑን ከአልጋ ሥር አወጣች። ወዲያው ስልኳ ላይ፣ ሴቶቹ መልእክት በሚለዋወጡበት ግሩፕ፣ አንድ ፋይል ገባ። «የተመላሾች ስም ዝርዝር» ይላል። ማን እንዳዘጋጀው የሚያውቅ አልነበረም፤ አንዷ ለአንዷ እያስተላለፈች ነው የደረሰው። ስልኩ ላይ ስትከፍተው ባዶ ሆነባት። ቆንጂት መጀመሪያ የመሕቡባን ቅጂ ልካ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ከወረቃው ጋር አብሬ ላብሥራት ብላ አሰበች። ፋይሉን በኬብል ወደ ላፕቶፑ አሳለፈችና በአረንጓዴው ከፈተችው።

ነጭ ገጽ መጣ፤ ምንም የለበትም። ሳጥኑ ብቅ አለ፤ እንደ ልማዷ ግራውን ተጫነች። ከዚያ ዓይኗ እያየ የፋይሎቹ ስም ይለወጥ ጀመር። በእያንዳንዱ ስም ላይ የማይነበብ ጭራ እየተቀጠለበት፣ ሥዕሉ እየነጣ፣ ከላይ ወደ ታች ወረደ።

«ኢስሐቅ» አለችኝ ስልኩን ሳነሣ። ጴንጤ አላለችኝም። «ስማቸው እየጠፋ ነው።»

«የማን ስም?»

«የሁሉም። አንድ በአንድ እየጠፋ ነው።»

«ዋይፋዩን ዝጊው! አጥፊው ማሽኑን! ቁልፉን ተጭነሽ ያዢው!»

አጠፋችው። ግን አልቆ ነበር። ስልሳ ሦስቱም ተቆልፈዋል። ማሽኑ ተመልሶ ሲከፈት ገንዘብ የሚጠይቅ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተገትሮበት ነበር።

ለቅሶዋ ማዳምን ቀሰቀሳት። ምን ሆነሽ ብትላት ቆንጂት ወደ ላፕቶፑ እያሳየች «ፋይሩስ» አለች፤ ቫይረስ። ማዳም በዚያ ሰሞን ይህን ቃል ከሰማች ሌላ ነገር አይታያትም። «ባራ! ባራ!» ብላ ጮኸች፤ ውጭ! ውጭ! ላፕቶፑ ላይ መድኃኒት ተረጨበትና በላስቲክ ተጠቅልሎ ከግቢው በር ውጭ ተቀመጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዓመት የምንስቅበት ነገር ነበር። ቸርነት የሚባል ከሹዌኽ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ የእኛ ሰው የሰዓት እላፊ ፈቃድ ስለነበረው ከበሩ ላይ አንሥቶ ራይ አመጣልኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ ከፈትኩት። ሁሉ ነገሩ ዐረብኛ ነው። በመጀመሪያ አንባቢው ፕሮግራም ስንተኛ ቨርዥን እንደሆነ አየሁ፤ ላፕቶፑ ሲሰጣት የነበረው ነው። በሁለት ዓመት አንዲት መጣፊያ አልገባበትም። ያ ፋይል የገባባት ቀዳዳ ከዐሥራ አራት ወር በፊት የተደፈነች፣ በየቦታው ማስጠንቀቂያ የተጻፈባት ቀዳዳ ናት። ተናደድኩ፤ እሺ ብያለሁ ስትለኝ ዋሽታኛለች አልኩ።

ከዚያ ሳጥኑ ብቅ አለ።

በቀኝ በኩል «አሁን አድስ» ይላል። በግራ በኩል ሌላ ነገር ይላል። ከሥሩ የቆንጂት ፕላስተር አለ፤ «እሺ ግራ ነው።»

የዐረብኛ ማሽን እንደ ዐረብኛ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። ሁሉ ነገር በመስታወት እንደታየ ይገለበጣል፤ እሺው ቀኝ፣ ይቅሩ ግራ ይሆናል። በቀን ዐሥር የዐረብኛ ማሽን የማዘጋጅ ሰው ነኝ፤ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አውቃለሁ። «ማሽንሽ በምን ቋንቋ ነው?» ብዬ ግን አልጠየቅኋትም። አራት ቃል ናት። ካርቶን ላይ ተቀመጥኩና ራሴን ያዝኩ።

ሦስት ቀን የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። የማላውቀውንም ሰዎች እየጠየቅሁ ሞከርኩ። እንዲህ ያለ ቁልፍ የሚፈታው የቆለፈው ሰው ጋ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የት እንዳለ እግዚአብሔር ያውቃል። በአራተኛው ቀን ደወልኩላት።

«መሕቡባ በየሰዓቱ ትደውላለች» አለች ገና ሳልናገር። «ምን ልበላት?»

ነገርኳት። ፋይሎቹ እንደማይመለሱ ነገርኳት። ቀጥሎ የቀኝና የግራውን ነገርኳት። የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል።

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሺ ያልኩት…»

«አዎ።»

«ሳጥኑ ግን ይጠፋ ነበር እኮ።»

«ይጠፋል። ግን ቀዳዳው አልተደፈነም።»

እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር። «አንተ ነህ የገደልከኝ» ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ውሃውን ዘጋችና «ለመሕቡባ እኔ እነግራታለሁ፤ አንተ አትግባበት» አለችኝ። እኔም አልገባሁም። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ለመሕቡባ የነገረቻት እንዲህ ብላ ነው፦ ላፕቶፑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሳላነብ የማይነካ ነካሁ። የእኔን ስም አላነሣችም።

መሕቡባ የመመለሻ ወረቀቱን ልታወጣ ያለ ቅጂ ሄደች። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ቀበሌዋን ተናግራ ከአገር ቤት እስኪጣራ ጠብቂ ተባለች። ወሩ አለቀ። ክፍሏን ከተጋሯት አምስት ሴቶች ሦስቱ በአውሮፕላኑ ሄዱ፤ ሻንጣቸውን ያሰረችላቸው እሷ ናት። የማጣሪያው መልስ የመጣው ረመዳን ሲጋመስ ነው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ።

እናቷ ከኢድ በኋላ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። አስታማሚዎቹ እንዳሉት በር በተንኳኳ ቁጥር «መሕቡባ ናት?» ይሉ ነበር። በዚያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ሙሉ ለሙሉ ተዘግቶ ስለነበር ለቅሶ የሚደርሳት ሰው አልነበረም። ሐወሊ ውስጥ፣ ግማሽ ባዶ በሆነ ክፍል፣ ከሁለት ሴቶች ጋር ተቀመጠች። ቆንጂት ደወለች።

«መሕቡቤ… መሕቡቤ፣ የኔ እናት…»

«አላህ ያቆይዎት» አለች መሕቡባ ረጋ ብላ። «ለእርስዎም እናትዎ ነበረች። ሶብሩን ይስጥዎት።»

ቆንጂት ሌላ ሰው ስልኩን ያነሣ መሰላት። «መሕቡባ፣ እኔ ነኝ እኮ፤ ቆንጂት።»

«አውቄዎታለሁ። ስለደወሉ አመሰግናለሁ።»

በቃ፤ ይኸው ነው። ሰደበቻት? አልሰደበቻትም። ረገመቻት? አልረገመቻትም። «አንቺ»ን ብቻ ወሰደችባት። ታናሽ ታላቋን እርስዎ ብትል ማን ምን ይላል? አክብሮት ነውና አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። ቆንጂት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አረጀች። እውነቴን ነው፤ በአንድ ክረምት ጠጉሯ ከግንባሯ በላይ ነጣ።

በዚያው ክረምት አንድ ነገር ጀመረች። ዐረብኛ ማንበብ። አስተማሪዋ የኩሽናው ዕቃ ነው። ወተት ሐሊብ እንደሚባል በአፏ ታውቃለች፤ እንግዲያው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ሐሊብ መሆን አለበት። ከእሱ አራት ፊደል ወሰደች። ከጨው ፓኬት ሚልሕን ወሰደች፤ ያው ሐ ተመልሳ መጣችላት። ሩዝ ላይ ስትደርስ ተጣላች፤ ኩዌቶች ሩዝን ዐይሽ ነው የሚሉት፤ ከረጢቱ ላይ ግን በመጽሐፉ ቋንቋ ሩዝ ነው የተጻፈው። ሁለት ቀን ሙሉ ፊደሎቹ አልገጥም ብለዋት ስትበሳጭ ቆይታ፣ ማዳምን ጠይቃ ነው የገባት። «የሚናገሩትን አይጽፉ፣ የሚጽፉትን አይናገሩ!» ብላ በስልክ ጮኸችብኝ። ከዚያ ነገር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቆጣ የሰማኋት ያኔ ነው፤ ደስ አለኝ።

ኅዳር ላይ የዓርብ ዕረፍቷ ሲመለስ ላፕቶፑን ይዤላት ሄድኩ። ሁሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጭኜዋለሁ። አንባቢውን ፕሮግራም ግን ሳጥኑን እንዲያሳየኝ ብላ አደራ ስላለችኝ ያንኑ አሮጌውን ነበር የጫንኩት። «እንግሊዝኛ ላድርግልሽ?» አልኳት። «ተወው» አለችኝ። አንድ ፋይል ስትከፍት ሳጥኑ ድንቅር አለ። ጣቷን በግራው ቁልፍ ላይ አድርጋ ከቀኝ ወደ ግራ እየገፋች አነበበች።

«ዘክ… ኪር… ኒ። አስታውሰኝ ነው። ቀጥሎ ላ… ሒ… ቀን። ላሒቀን ምንድን ነው?»

«ያው ባዕደን ነው። የመጽሐፉ ቃል ነው እንጂ ባዕደን ማለት ነው።»

«በኋላ አስታውሰኝ» አለች። ደግማ «በኋላ አስታውሰኝ» አለች። ጣቷ እዚያው ቁልፉ ላይ ነው። «ሁለት ዓመት ሙሉ በኋላ አስታውሰኝ ስለው ነበር የኖርኩት? ይኸው አስታወሰኝ።»

ጣቷን ወደ ቀኝ ወሰደችና ተጫነችው። መጣፊያው ወረደ።

ፕላስተሩን አላነሣችውም። ዓርብ ዓርብ ሴቶቹን ስታስተምር እያሳየች ታስተምርበታለች። ሳጥኑ ስለጠፋ ቀዳዳው ተደፈነ አትበሉ ትላቸዋለች፤ ገብታችሁ የፕሮግራሙን ቁጥር እዩ፤ ካልተለወጠ መጣፊያው አልገባም። በየጊዜው ከምትጠየቁ በራሱ እንዲያድስ አድርጉት። ፋይል ውስጥ ያለ ትእዛዝ የሚሠራበትን ቦታ ከእኔ ተምራ በየማሽኑ ዘግታላቸዋለች። ማን እንደላከው ያላወቃችሁትን ፋይል ስማችሁ ቢኖርበትም አትክፈቱ፤ ደውላችሁ ጠይቁ ትላለች። ወረቃ ዳግመኛ በአንድ ቦታ ብቻ አላስቀመጠችም፤ አንዱ ቅጂ በፍላሽ እኔ ጋ ነው። ከስልሳ ሦስቱ አርባ አንዱን እንደገና አሰባስባለች። የቀሩት ፓስፖርታቸውን ዳግመኛ አላዩትም።

በየካቲት 2021 የመሕቡባ ወረቀት አለቀላትና ልትሄድ ሆነ። የኮሮና ምርመራ ውጤቷ በፒዲኤፍ መጣላት፤ ታትሞ መያዝ አለበት። የምትልክለት ሌላ ሰው ስለሌላት ለቆንጂት ላከችው፤ «ቢያትሙልኝ» ከሚል መልእክት ጋር። ቆንጂት ሁለት ቅጂ አሳተመችኝ፤ አንዱ ቢጠፋ ብላ። ማዳም የአንድ ሰዓት ፈቃድ ሰጠቻት፤ ቸርነት መኪናውን አዋሰኝና ሐወሊ ወሰድኳት።

መሕቡባ ከሕንጻው በር ላይ ጭምብል አድርጋ ቆማለች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ጎንበስ ብላ።

«አላህ ይስጥልኝ። ብዙ አስቸገርኩዎት።»

«መሕቡቤ…»

«ይሂዱ፤ ማዳምዎ ይጠብቃሉ።»

ቆንጂት ክንዷን ልትዘረጋ ብላ ተወችው፤ ያኔ ሰው ለሰው አይነካካም ነበርና ምክንያት አልጠፋም። እኔ ከዐሥር እርምጃ የማይርቅ ቦታ መኪና ውስጥ ነበርኩ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ነበረብኝ። እጄም መስኮቱ ጋ ነበር። መንገደኛ ናት፣ ልቧን አላውክባት፣ አገሯ ስትገባ በስልክ እነግራታለሁ አልኩ። እስከ ሱራ ድረስ ቆንጂት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

ከአራት ቀን በኋላ መልእክት መጣላትና ስልኩን ሰጠችኝ። «በሰላም ገብቻለሁ። ቀብሯን አየሁት። እርስዎም ራስዎን ይጠብቁ» ይላል።

«አክብራሽ ነው» አልኳት።

«ዝም በል» አለችኝ። ስልኩን ተቀብላ መሐረቧ ውስጥ ቋጠረችው።

ከዚያ ወዲህ ለመሕቡባ ልደውል ስል አንድ ዓመት አለፈ። ዛሬ ሥራ በዛ፣ ዛሬ ጾም ነው፣ ዛሬ ኢድ ነው እያልኩ ግራውን ስጫን ነው የኖርኩት። አሁን ቁጥሯ ተቀይሮ አጣሁትና ይህን ጻፍኩ፤ ወረቀት ከእጅ እጅ እንደሚደርስ ስለማውቅ።

መሕቡባ፣ ቆንጂት አልነገረችሽም፤ አትነግርሽምም። ግራ ነው ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ የቱ ነው ብላ ጠይቃ ነበር፤ እኔ ነኝ ሳልጠይቅ የመለስኩት። ከእናትሽ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። እኔን እርስዎ በይኝ፣ ወይም ስሜን አታንሺ፤ እንደወደድሽ። እሷ ግን ዛሬም ሱራ ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር እጇን ከእጥበቱ አውጥታ ትሮጣለች። ደውዪላትና አንድ ጊዜ አንቺ በያት።